ሕመምተኛው ዐውቆ ይፍቀድ

ሰው በዚህ ዓለም የእኔ ነው ከሚለው ነገር ሁሉ ከገላው ይልቅ የሚቀርበው የለም። ርስቱን ቢነጥቁት ይሟገትበታል፤ ከብቱን ቢነዱበት ዱካውን ይከተላል፤ ገንዘቡን ቢሰርቁት ሠርቶ ይተካዋል፤ ገላው ግን አንድ ጊዜ ከጐደለ በዳኛም በገንዘብም አይመለስለትም። ስለዚህ በሰው ገላ ላይ ስለት እንዲያሳርፍ የተፈቀደለት ሐኪም የያዘው ሥልጣን እጅግ ከባድ ሥልጣን ነው። ይህም ሥልጣን ከሁለት ወገን ይመጣለታል። አንደኛው ከትምህርቱና መንግሥት ከሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከሕመምተኛው ከራሱ ነው። የፊተኛው ሳይኖረው ስለት የሚያነሣ ሰው ወንጀለኛ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። የኋለኛው ሳይኖረው የሚያነሣውን ግን ምን ብለን እንደምንጠራው ገና አልቈረጥንም።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በሆስፒታሎቻችን ሕዝቡ ኦፕራሲዮን እያለ የሚጠራው ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት የስምምነት ወረቀት ይፈረማል። ይህ መልካም ሥርዐት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚፈጸምበት አኳኋን እንደሚከተለው ነው። ሕመምተኛው ምግብ ተከልክሎ፣ ልብሱን ለውጦ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ፣ አንዲት ነርስ ወይም ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን ያመጣለታል። «እዚህ ላይ ፈርም» ይባላል። መጻፍ የማይችል እንደ ሆነ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተው አሻራውን ይወስዳሉ፤ ሴት እንደ ሆነች ደግሞ ባሏ ወይም ወንድሟ ተጠርቶ ይፈርምላታል። ወረቀቱም ከመዝገቡ ጋራ ይያያዛል። ከዚህ በኋላ ቀዳጁ ሐኪም «ፈቃድ ተቀብለናል» ብሎ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። በእውነት ፈቃድ ተቀብሏልን? እኛ አልተቀበለም እንላለን። የተቀበለው ፊርማ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈበት ሰው ይህን ልዩነት ለማስተዋል አይቸገርም። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ የዳዊትን ምስጢር ዐውቋል አይባልም። ንባቡን አጥርቶ ከጨረሰ በኋላ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ትርጓሜውን እስኪሰማ ድረስ፣ ቃሉ በአፉ እንጂ በልቡ አልገባም። የስምምነቱ ወረቀት ንባብ ነው፤ ሕመምተኛው የሚደረግበትን ነገር ማወቁ ግን ትርጓሜው ነው። በንባቡ ብቻ ረክቶ ትርጓሜውን የተወ ሐኪም፣ ደቀ መዝሙሩን ሳያስተምር አስመረቅሁት እንደሚል መምህር ነው።

እንግዲህ ዐውቆ መፍቀድ ማለት ምን እንደ ሆነ በግልጥ እንናገር። ሕመምተኛው አምስት ነገሮችን ማወቅ ይገባዋል። ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፤ ሐኪሙ ምን ሊያደርግለት እንዳሰበ፣ ይኸውም ከገላው የትኛው ክፍል እንደሚቀደድ፣ ምን እንደሚወጣ ወይም ምን እንደሚጠገን፤ ከዚህ ምን ጥቅም እንደሚጠበቅና ምን ጉዳት ሊከተል እንደሚችል፤ ከቀዶ ጥገና ሌላ መንገድ መኖሩን ወይም አለመኖሩን፤ በመጨረሻም ምንም ባይደረግ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ። እነዚህን አምስት ነገሮች በሚሰማው ቋንቋ ሰምቶ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ ጊዜ አግኝቶ ካሰበ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው እሺ ወይም እንቢ ሲል ያን ጊዜ ፈቃዱን ሰጠ ይባላል። ከዚህ የጐደለው ሁሉ ዝምታ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ይህ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1767 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታችም ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዘመኑ እንደዚሁ ነው) እግሩ ተሰብሮ ሲታከም የነበረ ሰው ማሰሪያውን እንዲፈቱለት ቢጠይቅ፣ ሁለት ሐኪሞች ሳያስፈቅዱ የጠገገውን አጥንት እንደ ገና ሰብረው አዲስ መሣሪያ ሞከሩበት። ሰውየውም ከሰሳቸው፤ ተፈረደለትም። ዳኞቹ የሚደረግበት ነገር አስቀድሞ ሊነገረው በተገባ ነበር፤ ሰው ሕመሙን ለመቀበል ልቡን እንዲያጸና ማወቅ ይገባዋልና ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ነገር መጣ። በኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ለሕመምተኛው ኤተር የሚባለው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶት በአንገቱ ላይ የነበረው እብጠት በብዙ ምስክሮች ፊት ተቀደደ። ይህ ለሰው ልጅ ታላቅ ዕረፍት ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ከዚያ ዘመን በፊት ሕመምተኛው በጕልበተኞች ተይዞ ሲቀደድ ሁሉን ያይና ይሰማ ነበር፤ ተዉኝ ብሎ ለመጮህም አንደበት ነበረው። ከዚያ ዘመን በኋላ ግን ተኝቷልና አንደበት የለውም። ስለዚህ ቃሉን ከመተኛቱ በፊት መቀበልና እስኪነቃ ድረስ እንደ አደራ መጠበቅ የሐኪሙ ግዴታ ሆነ።

ይህን አደራ ስለ ማጉደል በኒው ዮርክ የታየ አንድ ነገር አለ። በ1908 ዓ.ም. አንዲት ሴት በአንድ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘባት። እርሷም በኤተር ተኝታ እንድትመረመር ፈቀደች፤ እንዳይቀድዷት ግን አስቀድማ ነገረች። ተኝታም ሳለች ቀድደው እብጠቱን አወጡት። ክርክሩ በ1914 ዓ.ም. ሲወሰን ሆስፒታሉን ስለ ሐኪሞቹ ሥራ ተጠያቂ አላደረጉትም፤ ነገር ግን ቤንጃሚን ካርዶዞ የተባለው ዳኛ አንድ ታላቅ መሠረት ጣለ። ይኸውም ዕድሜው የደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሁሉ በገዛ ገላው ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት አለው፤ ያለ ፈቃዱ የሚቀድደው ሐኪምም በደል ሠርቷል የሚል ነው። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ የሕግ ተማሪዎች ያጠኑታል።

ሐኪም ዐዋቂ ነውና መልካሙን ያውቅልናል፤ ፈቃድ መጠየቅ ምን ያደርጋል? የሚል ሰው ቢኖር በ1947 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኑረምበርግ የተፈረደውን ፍርድ ያስታውስ። በዚያ ችሎት 23 ሰዎች ተከሰሱ፤ የሚበዙትም ሐኪሞች ነበሩ። በእስረኞች ላይ ያለ ፈቃዳቸው የጭካኔ ሙከራ በማድረጋቸው 7ቱ በስቅላት ተቀጡ። ዳኞቹም ከፍርዱ ጋራ 10 መመሪያ ጻፉ፤ የመጀመሪያውም የሰውየው የራሱ ፈቃድ ፈጽሞ የማይቀር መሆኑን የሚናገር ነው። ይህ ስለ ሙከራ እንጂ በቀጥታ ስለ ሕክምና የተነገረ አይደለም፤ ቢሆንም ትምህርት ብቻውን ሰውን ከክፋት እንደማይጠብቀው ለዓለም ሁሉ አስተምሯል። ከ10 ዓመት በኋላም በ1957 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት፣ ለምርመራ ብሎ የደም ሥሩን ከወጉት በኋላ እግሮቹ ሽባ ስለሆኑበት ሰው ሲፈርድ፣ ሐኪም ለፈቃድ የሚያስፈልገውን ነገር ከሕመምተኛው መሸሸግ አይገባውም አለ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው በ2015 ዓ.ም. የታላቋ ብሪታንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ነው። የስኳር በሽታ ያለባት አንዲት እናት በ1999 ዓ.ም. ስትወልድ የሕፃኑ ትከሻ በመውጫው ላይ ተያዘ፤ ሕፃኑም ከባድ ጉዳት አገኘው። ይህ አደጋ በእንደርሷ ያሉ እናቶች ላይ ከ100 በ9 ወይም በ10 የሚደርስ መሆኑን ሐኪሟ ታውቅ ነበር፤ ግን አልነገረቻትም፤ ብነግራት በቀዶ ጥገና ልውለድ ትላለች ብላ ነውና። ፍርድ ቤቱ ለእናቲቱ ፈረደ። አንድ አደጋ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው የሚመዘነው በሐኪሞች ልማድ ሳይሆን፣ በሕመምተኛው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ሊያውቀው በሚፈልገው ነገር ነው አለ። ደግሞም ሐኪም የማይገባ የሙያ ቃል በሕመምተኛ ላይ በማዥጐድጐድና ፊርማ በመጠየቅ ብቻ ግዴታውን ፈጸመ አይባልም ሲል ተናገረ።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር የራሳችንን ሕግ ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ20ኛው አንቀጽ፣ ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን፣ ቀዶ ጥገናንም ቢሆን፣ በማናቸውም ጊዜ እንቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዘውን እንደ ክትባት ያለውንና ሞግዚት ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የተሠራውን ሥርዐት ብቻ ለይቶ ያስቀምጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 299ም ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ሕክምና እንዳይሰጥ ጽፏል። እንግዲህ የሕግ ጕድለት የለብንም። የጐደለው የሕጉ ትርጓሜ በሐኪሙ ልብ መግባቱ ነው።

ሐኪሞች ይህን ነገር በምን ዐይን ያዩታል ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ከብዙዎቹ ዘንድ አራት ዓይነት አስተሳሰብ ያገኛል። አንዳንዱ ወረቀቱ ለሐኪሙ ጋሻ ነው፤ ክስ ቢመጣ ይከላከልልኛል ይላል። አንዳንዱ ማስረዳት የነርስ ወይም የተማሪ ሥራ ነው ይላል። አንዳንዱ ሕመምተኛው ራሱ ወደ ሆስፒታል መጥቷልና መምጣቱ ፈቃድ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ዘመድ ከፈረመ ይበቃል ይላል። አራቱም አስተሳሰብ አንድ ሥር አላቸው፤ ፈቃድን ከሕመምተኛው የሚመጣ ስጦታ ሳይሆን ከሥራ በፊት የሚጸዳ ዕዳ አድርገው ማየታቸው ነው። ወረቀት ጋሻ ይሆናል ያሉትም ቢሆን ተሳስተዋል፤ ከላይ እንደ ተናገርነው የሰለጠነ ዳኛ የሚመረምረው ቀለሙን ሳይሆን ማስረዳቱን ነውና።

ነገሩ ከመጻሕፍት ክርክር የወጣ እንዲሆን ከአገራችን ሕይወት ሦስት ምሳሌ እናምጣ።

ትራኮማ የዓይን ሽፋኑን ሲያጣምመው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኑን እየፋቀ ያቈስለዋል። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ጥገና በገጠር ጤና ጣቢያ ሳይቀር የሚሠራ አጭር ሥራ ነው፤ የሚቀረውንም ዓይን ከመጥፋት ያድናል። ዳሩ ግን አስቀድሞ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ሽፋሽፍቱም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊቀለበስ ይችላል። ሽማግሌው ግን የዓይን ሞራ ወጥቶለት ያየውን ጎረቤቱን አይቶ መጥቷል፤ እንደርሱ አያለሁ ብሎ ተስፋ አድርጓል። ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ መሆናቸውን ማንም ካልነገረው፣ ፋሻው ተፈትቶ ዓይኑ እንደ ቀድሞው ሲሆንበት «ሐኪሙ አሳወረኝ» እያለ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሐኪሙ ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ሳለ ስሙ ጠፋ፤ ከዚያ ቀበሌም ሌሎች 10 ሕመምተኞች ሳይመጡ ቀርተው ታወሩ። ይህ ሁሉ የመጣው ከስለቱ አይደለም፤ ከዝምታው ነው።

ሁለተኛው በቀዶ ጥገና ስለምትወልድ እናት ነው። ማሕፀን አንድ ጊዜ ከተቀደደ ጠባሳ ይቀርበታል፤ በሚቀጥለው ወሊድ ምጥ ሲበረታ ጠባሳው ሊተረተር ይችላልና እናቲቱም ሕፃኑም በደም መፍሰስ ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለች እናት ከዚያ በኋላ ስትወልድ ቀዶ ጥገና ከሚሠራበት ሆስፒታል መቅረብ አለባት። ይህን ሳይነግሯት ባሏን አስፈርመው ቀድደው ሕፃኑን አስታቅፈው የሰደዷት ሴት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆስፒታል አንድ ቀን በሚያስኬድ መንደር እቤቷ ምጥ ትይዛለች። የፊተኛው ሐኪም ነፍሷን አድኗል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የማስረዳቱን ነገር ቢተወው ያዳናትን ነፍስ መልሶ ለአደጋ አሳልፎ ሰጣት። ማስረዳት ከሕክምናው አጠገብ የሚቆም ጨዋነት ሳይሆን ከሕክምናው አንዱ ክፍል መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው ስለ እንቅርት ነው። በደጋው አገራችን እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ነው። እንቅርት ሲወጣ ድምፅን የሚያዝዘው ጅማት ከአጠገቡ ያልፋልና ከብዙዎች መካከል ጥቂቶችን ድምፃቸው የሚሻክርበት ጉዳት ያገኛቸዋል፤ ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ በየቀኑ ክኒን ሊውጥ ግድ ይሆንበታል። ቀዳጁ ሐኪም ይህን የድምፅ ጉዳት ትንሽ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ገበሬም ምናልባት እንደዚሁ ይቈጥረው ይሆናል። ነገር ግን አልጋው ላይ ያለው መሪጌታ ቢሆንስ? ዜማው ዕድሜውን ሁሉ የተማረው፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት፣ በማሕሌት የሚቆምበት ነገር ነው። እርሱ ምናልባት እንቅርቱን ተሸክሞ መኖርን ይመርጥ ይሆናል፤ ምናልባትም ይቀደድ ይል ይሆናል። ምርጫው ግን የእርሱ ነው። ሐኪሙ የገላን ነገር ያውቃል፤ የዚያን ሰው ሕይወት የሚያውቀው ግን ሰውየው ራሱ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች ተገናኝተው ካልተነጋገሩ ውሳኔው ግማሽ ነው።

በዚህ ላይ ከሐኪሞቻችን የሚሰማ መልስ አለ፤ ንቀን ልናልፈው አይገባንም። የመጀመሪያው፣ አደጋውን ብንነግረው ይፈራና ሳይታከም ይሄዳል የሚል ነው። መቼም የሚፈራ አይጠፋም። ነገር ግን ሕዝባችን ከባድ ቃል መስማት የማይችል ሕዝብ ነውን? መርዶ የሚነገርበትን ሥርዐት እናስታውስ። ሰዓቱ ይመረጣል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቃሉም በልክ ይነገራል። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ሕዝብ እውነትን አይችልም ማለት ስሕተት ነው። የሚያስፈራው እውነቱ ሳይሆን በጥድፊያና በቍጣ መነገሩ ነው። ደግሞም በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ ሕመምተኛ ሁልጊዜ ይመከራል፤ እርሱ በሽታውን ከሐኪሙ እንዳይሸሽግ ከተመከረ፣ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ጠባይ ከሕመምተኛው ሊሸሽግ አይገባውም።

ሁለተኛው መልስ ጊዜ የለንም የሚል ነው። የሐኪሞቻችን ቍጥር ከሕመምተኛው ብዛት ጋራ የማይመጣጠን መሆኑ ግልጥ ነው፤ ስለ ድካማቸውም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አጣዳፊ ላልሆነ ቀዶ ጥገና ሕመምተኛው ተራ ሲጠብቅ ሳምንታትና ወራት ያልፋሉ። ይህ ጊዜ ባዶ ስለ ምን ይለፍ? ቀጠሮ በተሰጠው ቀን ነገሩ ቢነገረው፣ ሥዕል ቢያሳዩት፣ ነርሷ ብዙዎቹን በአንድነት ሰብስባ ብታስተምር፣ ከዚያ በኋላ ቀዳጁ ሐኪም ራሱ በጥቂት ደቂቃ የቀረውን ቢጨርስ ሥራው ይቃለላል። ነርሷ ትርዳ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውና የሚቀበለው ግን ስለቱን የሚይዘው ሰው ይሁን።

ሦስተኛው፣ ያልተማረ ሰው አይገባውም የሚል ነው። ይህ ቃል ከሁሉ የከፋ ነው። ያልተማረ ገበሬ የመሬት ክርክሩን ከጠበቃ አሳምሮ ይናገራል፤ የበሬውን ሕመም ያውቃል፤ ዋስ ሲጠራ የሚከተለውን ዕዳ ያሰላል። አልገባውም የተባለው በሚገባው ቃል ስላልተነገረው ነው። ቋንቋው የተለየ ከሆነ አስተርጓሚ ይፈለግለት፤ አስተርጓሚውም በአጠገብ የተገኘ ሕፃን ወይም ሌላ ሕመምተኛ አይሁን። መግባቱንም ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሁሉም በአክብሮት «አዎን ጌታዬ» ይላልና። ይልቁንም «እቤትዎ ሲመለሱ ምን ይደረግልዎታል ብለው ለልጆችዎ ይነግሯቸዋል?» ተብሎ ይጠየቅ። በራሱ ቃል መልሶ ከተናገረው ገብቶታል፤ ካልተናገረው የተሳነው ሰሚው ሳይሆን ነጋሪው ነውና እንደ ገና ይነገረው።

አራተኛው ስለ ዘመድ ነው። በአገራችን ሕመም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚያስታምመው፣ ወጪውን የሚሸፍነው፣ ደም የሚሰጠው ዘመድ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ከወደደ ዘመዱ አብሮት ይቀመጥ፤ ይስማ፤ ይምከር። ነገር ግን ልቡናዋ ያልጠፋባትን ሴት ዝም አሰኝቶ ባሏን ማስፈረም፣ አእምሮው የተስተካከለውን ሽማግሌ ትቶ ልጁን ማስፈረም፣ በሕይወት ያለውን ሰው እንደ ሙት መቍጠር ነው። ምክሩ የቤተ ሰብ ይሁን፤ ቃሉ የሕመምተኛው ይሁን።

ጊዜ የማይሰጥ ነገር መኖሩንም አንዘነጋም። ደሙ እየፈሰሰ፣ ልቡናውን ስቶ፣ ዘመድ ሳይኖረው የመጣውን ሰው ሐኪሙ ፈቃድ ሲፈልግ ሊያስሞተው አይገባም፤ ነፍሱን የሚያድነውን ያድርግለት። ዳሩ ግን ነፍሱን ለማዳን የሚያስፈልገውን ብቻ ያድርግ፤ ሊቈይ የሚችለውን ሰውየው እስኪነቃ ድረስ ያቈየው። እንቢ ያለውንም ሕመምተኛ መቈጣትና ማባረር አይገባም። እንቢታው ይጻፍ፤ ምክንያቱ ይጠየቅ፤ ሐሳቡን ቢለውጥ በሩ ክፍት መሆኑ ይነገረው። እንቢ ለማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱም እሺታ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከሐኪም ጠባይ ጋራ ብቻ የሚቀር ሳይሆን የሹማምንትም ሥራ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ለቀዶ ጥገና ክፍሎች ሁሉ አንድ የመጠየቂያ ዝርዝር አወጣ። ከማደንዘዣው በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመምተኛው ማንነቱን፣ የሚቀደድበትን ቦታ፣ የሚደረግለትን ሥራና ፈቃዱን በራሱ አንደበት አረጋግጧልን? የሚል ነው። ዝርዝሩ በ8 ከተሞች ተሞክሮ በ2009 ዓ.ም. ሲታተም፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ100 ከ1.5 ወደ 0.8፣ ጉዳት የሚያገኘውም ከ11 ወደ 7 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ውጤት የፈቃድ ጥያቄ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን መጠየቅ ሥራን ያሰናክላል ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

ስለዚህ ተቈጣጣሪ ሹም ወደ ሆስፒታል ሲሄድ መዝገብ ገልጦ ፊርማ መኖሩን ብቻ አይቶ አይመለስ። ወደ አልጋው ይቅረብና ለነገ ተራ ከተያዘላቸው ሕመምተኞች አምስቱን «ነገ ምን ሊደረግልዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። የሚመልሱለት መልስ ከመዝገቡ ሁሉ ይልቅ እውነቱን ይነግረዋል። የስምምነቱ ወረቀትም በአጭርና በግልጥ ቃል፣ በየአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። የሕክምና መምህራንም ተማሪያቸው ስፌቱን አሳምሮ መስፋቱን እንደሚመረምሩ፣ ሕመምተኛውን አሳምሮ ማስረዳቱንም በአልጋው አጠገብ ቆመው ይመርምሩ።

ካህናቶቻችንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ብዙ ሰው ስለት ከመቀበሉ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክራል። በዚያን ጊዜ «ተቀደድ» ወይም «አትቀደድ» ብሎ የማያውቁትን ከመፍረድ ይልቅ፣ «ልጄ፣ ሐኪሙን ጠይቀሃልን? ምን አለህ?» ብሎ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስና እንዲጠይቅ ማደፋፈር ታላቅ ርዳታ ነው። በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው ጌታ ከመፈወሱ አስቀድሞ መዳን ይወድድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ልብን ሁሉ የሚያውቅ እርሱ ከጠየቀ፣ ልብን የማያውቅ ሐኪም ሳይጠይቅ እንዴት ያልፋል?

ሐኪሞቻችን በድካማቸው ብዙ ነፍስ እንዳዳኑ እናውቃለን፤ ይህንንም የምንጽፈው ሥራቸውን ለማንቋሸሽ አይደለም። ስለት ያነሣ እጅ ብርታቱ ከሕመምተኛው እምነት ነው፤ እምነትም ከሚያውቁት ሰው ጋራ እንጂ ከማያውቁት ጋራ አይጸናም። ነገ ጧት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ለሚገባው ሕመምተኛ ዛሬ ማታ አንድ ሐኪም ወንበር ስቦ አጠገቡ ቢቀመጥና አምስቱን ነገር ቢነግረው፣ ከዚያም ዝም ብሎ ጥያቄውን ቢሰማ፣ በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው አሻራ ያን ጊዜ እውነተኛ ፈቃድ ይሆናል።